ሐመሩን ሐ የሚያውቅ ማሽን፦ ክፍት ምንጭ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ዓይነ ስውሩ የአማርኛ ተጠቃሚ

«ይሰማል» የሚለው ቃል ሁለት ንባብ አለው። ሰ እና መ ላልተው ሲነበቡ ሰውየው ይሰማል፣ ጆሮው ደኅና ነው ማለት ነው። ጠብቀው ሲነበቡ ድምፁ ይሰማል፣ ከሌላ ሰው ጆሮ ይደርሳል ማለት ይሆናል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም። ዓይናማው አንባቢ ከአውዱ ተነሥቶ ሳያስበው ያልፈዋል፤ ጽሑፉን ለዓይነ ስውር የሚያነበው ኮምፒውተር ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፣ የሚመርጠውም አንድ ሰው አስቀድሞ በጻፈለት ደንብ መሠረት ነው። ያ ደንብ የተጻፈው የት ነው? ቢሳሳት ማን ያርመዋል? ኮምፒውተርን ለዓይነ ስውራን ተደራሽ የማድረግ ጉዳይ በአገራችን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የመሣሪያ ግዢ ወይም የልገሳ ነገር ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። ተደራሽነት የሚወሰነው ተጠቃሚው ከሚነካው ፕሮግራም ሥር በተነባበሩ፣ እምብዛም በማይታዩ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክፍሎች ውስጥ ነው። በአማርኛ በኩል እነዚህን ክፍሎች በሚገባ ሊጠግን የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ በመሆኑ የኮዱ ክፍት መሆን ግዴታ ይሆናል። ክፍትነቱ ብቻውን የማይበቃበትንም ምክንያት በቦታው አነሣለሁ።

ጋይንት ለዚህ ነገር ተስማሚ መነሻ ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በዚሁ በጋይንት ምድር ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለዘመናት ኖረዋል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዕውቀት በዋናነት የሚተላለፈው በጆሮ ነው። ዜማው በቀጸላ ይጠናል፣ ቅኔው በቃል ይዘረፋል። ምልክት ያለው የብራና መጽሐፍ ቢኖርም ትምህርቱን የሚሸከመው የተማሪው ትዝታ ነው። ስለዚህ ዓይኑ የማያይ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ ተምሮ ሊቅ ሊሆን የሚችልበት ሥርዓት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓይነ ስውር መምህር ማግኘት ማንንም አያስደንቅም። አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤያት የዘለቀ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል፤ ማዕረጉ ስለ ሥጋ ዓይን አይጠይቅም። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ይህ ሥርዓት ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን በጆሮ የሚለይበት መንገድ ማበጀቱ ነው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ፊደልን ሳያዩ መለየት የሚያስችል ስም የወጣለት ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ሥርዓቱን ከልክ በላይ ማሞገስ ግን አይገባም። ሴት ልጅ ከዚህ ጉባኤ በአብዛኛው ውጭ ነበረች። ለወንዱም ቢሆን ጆሮ መቀበያ እንጂ መጻፊያ አልሆነለትም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር መሪጌታ የራሱን ቅኔ በብራና ለማስፈር ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር፤ ጸሐፊው ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ተክቶበት ቢሆን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በማሳያው ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ያለው ኮምፒውተር አዲስ ነገር የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚያነበው ሰው ራሱ ይጽፋል፣ የጻፈውን ራሱ ያርማል፣ ለማንም ሳያሳይ ይሰርዛል። ይህ ሦስተኛው፣ የምሥጢር ነገር፣ ብዙም አይነሣም፤ ደብዳቤውን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ለሚያነብ ሰው ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የዓይን ሕመም ጋይንት በምትገኝበት በደቡብ ጎንደር ዞን የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አግኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 በመቶው የትራኮማ ጠባሳ ውጤት ነበር። በዚያው ጥናት በሕፃናት ላይ ንቁ ትራኮማ ከሁሉም ክልሎች በላይ የተስፋፋው በአማራ ክልል ነው፤ መጠኑ 62.6 በመቶ ደርሶ ነበር። የካርተር ማዕከል በክልሉ የፀረ ትራኮማ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረውም በዚሁ ዞን ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ትራኮማ በፊት ንጽሕና፣ በመጸዳጃ ቤትና በመድኃኒት ይገታል፤ እነዚህን ኮምፒውተር አይተካቸውም። ዓይኑ በልጅነቱ የጠፋበት ወይም ሳያይ የተወለደ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከገባም ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ከደቡብ ጎንደር ጋር በሚዋሰነው የደቡብ ወሎ ዞን፣ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ትምህርቷን ያገኘችው ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ስትቀበል ዓለም ያወቃት ከዚያ ርቀት ተሻግራ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የዓይነ ስውር ተማሪ መሣሪያዎች ለረጅም ጊዜ የብሬል መጻፊያ የሆኑት ስሌትና ስታይለስ፣ የድምፅ ካሴትና ፈቃደኛ አንባቢ ሆነው ቆይተዋል። አንባቢው ጊዜ ሲያገኝ ይመጣል፤ ፈተና ሲደርስ እሱም የራሱ ፈተና አለበት።

ወደ ማሽኑ እንግባ። ዓይናማ ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት የሚያየው በብርሃን ነጠብጣብ የተሣለ ሥዕል ነው። ስክሪን ሪደር ሥዕሉን አያይም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሚሥለው ሥዕል ጎን «እኔ ቁልፍ ነኝ፣ ስሜ አስቀምጥ ነው፣ አሁን ተመርጫለሁ» የሚል መግለጫ በተለየ መስመር መላክ አለበት። ክፍት ምንጭ በሆነው በሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይህ መስመር ኤቲ ኤስፒአይ ይባላል። መግለጫውን የሚቀበለው ኦርካ የተባለው ስክሪን ሪደር ነው፤ እሱ ምን መነገር እንዳለበት ይወስንና ቃሉን ለድምፅ አመንጪው፣ ብዙውን ጊዜ ለኢስፒክ፣ ያቀብላል። ብሬል ማሳያ ካለ ጽሑፉ ሊብሉዊ በተባለው መተርጎሚያ ወደ ነጥብ ይለወጣል፣ ቢአርኤልቲቲዋይ ደግሞ ነጥቡን ለመሣሪያው ያደርሳል። ከዚህ ሁሉ በታች፣ በሊነክስ እንብርት ውስጥ፣ የጽሑፍ ገጹን የሚያነብ ስፒክአፕ የሚባል ክፍል አለ። ከድምፁ መስመር፣ ከኤቲ ኤስፒአይ እስከ ኢስፒክ፣ አንዱ ንብርብር ሲጎድል ገጹ ዱዳ ይሆናል። ዓይናማ ሰው ብልሽት ሲያጋጥመው ቢያንስ የብልሽቱን መልእክት ያያል፤ ለዓይነ ስውሩ ዝምታው የመብራት መጥፋት ይሁን የፕሮግራም ስሕተት መለያ የለውም።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከሠሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ዓይነ ስውራን መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ቲ. ቪ. ራማን ኢማክስፒክ የተባለውን የሚናገር የኮምፒውተር ገጽታ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ሲያወጣ የሚሠራው ለራሱ ጭምር ነበር። አውስትራሊያዊው ማይክል ኩራን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንቪዲኤ የተባለውን የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር የጀመረው ዓይነ ስውር ሰው ለኮምፒውተር ከዓይናማው የበለጠ ዋጋ መክፈሉን ባለመቀበል ነው። አርኤችቮይስ የተባለውን ክፍት ድምፅ አመንጪ የጀመረችው ዓይነ ስውሯ ፕሮግራመር ኦልጋ ያኮቭሌቫ መጀመሪያ የሠራችው ለሩስኛ ሲሆን፣ ዛሬ ጆርጂያኛ፣ ኪርጊዝኛ፣ ታታርኛና አልባንኛ ጭምር ይናገራል፤ ገበያቸው ጠባብ የሆነ ቋንቋዎች በዚህ በር ገብተዋል። ሌላው ደግሞ ተከላው ነው። ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ዓይነት ከ7ኛው ዕትሙ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በማስነሻው ገጽ ላይ ኤስ የሚለውን ቁልፍና ኤንተርን ለተጫነ ሰው ሙሉውን ተከላ እየተናገረ ያስኬድለታል። ዓይናማ ረዳት ሳይጠራ የራሱን ኮምፒውተር ከባዶ የሚተክል ሰው ማለት ይህ ነው።

የአማርኛ ጉዳይ የሚከብደው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አማርኛ በኢስፒክ ውስጥ አለ፤ ኤንቪዲኤም አማርኛን ከትርጉም ቋንቋዎቹ ቆጥሯል። በኢስፒክ የአንድ ቋንቋ ንባብ የሚኖረው በሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ነው፤ አንዱ ፊደልን ወደ ድምፅ የሚለውጡ ደንቦችን፣ ሌላው ከደንብ የሚያፈነግጡ ቃላትን ይይዛል። ሁለቱም ማንም ከፍቶ ሊያነባቸው የሚችል ተራ ጽሑፎች ናቸው። እዚያ ውስጥ መግባት ያለበት ዕውቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት «ትምህርት» የሚለውን ቃል መውሰድ ይበቃል። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ስንናገር ግን አናባቢ የሚሰማው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ሁሉንም ሳድስ በአናባቢ የሚያነብ ማሽን ቃሉን አምስት ቦታ ይሰባብረዋል፤ ሁሉንም ያለ አናባቢ የሚያነብ ደግሞ የተነባቢ ክምር ይተፋል። ማጥበቅና ማላላት ይጨመርበት፦ ሰፊ ላልቶ ልብስ ሰፊው ነው፣ ጠብቆ ግን ሰፋ ያለው፤ ዋና ላልቶ የውኃ ዋና፣ ጠብቆ ዋናው ነገር፤ ገና ላልቶ ያልደረሰ ጊዜ፣ ጠብቆ በዓሉ። ዓይናማው ይህን ሁሉ ከፊደሉ ውጭ ያለ ዕውቀቱን ተጠቅሞ ያነባል። ስለዚህ ፊደላችን ድምፅን እንዳለ የሚጽፍ ፍጹም ፊደል ነው የሚለው የተለመደ ኩራት በማሽን ፊት ሲቆም በከፊል ብቻ እውነት ሆኖ ይገኛል።

የመጻፍ ችግር ደግሞ የንባብ ተቃራኒ ነው። በንባብ አንድ ፊደል ሁለት ድምፅ ሲኖረው፣ በጽሕፈት ሁለት ፊደል አንድ ድምፅ ይኖረዋል። ሠረቀ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው፤ ዓመት ዘመን ነው፣ አመት ገረድ ናት። ድምፅ አመንጪው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይላቸዋል፤ ዓይነ ስውሩ ጸሐፊም ጽሑፉን አሥር ጊዜ ቢያዳምጥ ስሕተቱን አያገኘውም። በዕለት ተዕለት አማርኛ ልዩነቱ እየላላ መጥቷል ሊባል ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲ ወረቀት፣ በፍርድ ቤት ጽሑፍና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ግን ዛሬም የጸሐፊውን ዕውቀት መለኪያ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ምሁር በዚህ መለኪያ ያለ ጥፋቱ እንዲወድቅ መደረግ የለበትም። መፍትሔው ቀደም ሲል በጠቀስነው የጉባኤ ቤት አጠራር ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። ኤንቪዲኤ ለየቋንቋው የፊደል መግለጫ የሚጻፍበት ፋይል አለው፤ በእንግሊዝኛው ላይ ተጠቃሚው በአንድ ፊደል ላይ ቆሞ ሲጠይቅ አልፋ፣ ብራቮ እያለ ይነግረዋል፣ ቢ እና ዲ በጆሮ እንዳይምታቱ። ለአማርኛ በዚህ ቦታ ሊገባ የሚገባው ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ ነው። ሥራው ጥቂት መቶ መስመር የሚሆን የጽሑፍ ፋይል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት በየትኛውም ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ቢሮ ተፈልጎ የሚገኝ አይመስለኝም፤ በጋይንት ግን ፊደል የሚያስቆጥር የኔታ ሁሉ ያውቀዋል። የክፍት ምንጭን ነገር እዚህ ጋ ስናይ ከፈቃድ ሕግ ቋንቋ ወርዶ የዕለት ሥራ ይሆናል፤ የኔታ የሚያውቁት ነገር ከማሽኑ ሊደርስ የሚችለው ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነውና።

የተዘጋ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከራሳችን ታሪክ ምሳሌ አለን። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ3.0 ዕትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቢሮዎቻችን የሠሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ የላቲን ፊደል ቁጥሮችን ወስደው በላያቸው የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱ ነበር፣ እያንዳንዱም በራሱ ሥርዓት። በዘመናቸው ትልቅ ችግር ፈትተዋል፣ ባለውለታዎች ናቸው። ዓይነ ስውሩ ግን ከዚህ ዘመን የቀረ ሰነድ ሲከፍት የሚሰማው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው፤ ለዓይን አማርኛ የሆነው ለጆሮ እንቶ ፈንቶ ይሆናል። በአንጻሩ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ሴራ የተባለው አማርኛን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ደንብ በግልጽ ስለታተመ ዛሬም በሊነክስ የመጻፊያ ስልቶች ውስጥ በስሙ ይገኛል። ለታተመ መጽሐፍና ለተቃኘ ወረቀት ደግሞ ቴሰራክት የተባለው ክፍት ፊደል ለቃሚ አማርኛን ያነባል፤ ብዥ ባለ ኅትመት ላይ ይደናገራል፣ ሆኖም ስሕተቱን ሰብስቦ መልሶ ማስተማር ይቻላል።

ስለ ብሬል አንድ ነገር ብቻ ልበል። የአማርኛ ብሬል ፊደሉን አፍርሶ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል፤ በዓይን አንድ ምልክት የሆነው በጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ይሆናል። ሊብሉዊ የኢትዮጵያ ብሬል ሰንጠረዥ አለው፤ ሰንጠረዡም እንደ ኢስፒኩ የሚነበብና የሚታረም ጽሑፍ ነው። ድምፅ ብቻ የሚያዳምጥ ልጅ ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ሳያውቅ ሊያድግ ስለሚችል ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው። የብሬል ማሳያው ዋጋ ግን ከኮምፒውተሩ ራሱ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ለጊዜው በገጠር ወረዳ የሚታሰበው ድምፁ ነው።

ተቃውሞ የሚነሣባቸው ነጥቦች ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ ዘመናዊው የተዘጋ ድምፅ ከኢስፒክ እጅግ ያማረ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምኃ የሚሉ ስሞች የሰጣቸው የአማርኛ ድምፆች ሰው ሲናገር ይመስላሉ፣ ኢስፒክ ግን የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ሆኖም መቅደስና አምኃ የሚኖሩት በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በዚያ መንገድ የሚያነብ ኮምፒውተር ለንፋስ መውጫ ተጠቃሚ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ዓይናማው መረቡ ሲቋረጥ የሚያጣው ዜናና መልእክት ነው፤ ድምፁን ከሰርቨር የሚቀዳው ዓይነ ስውር ግን በራሱ ዲስክ ላይ ያለውን የራሱን ፋይል ጭምር ያጣል። ጥቂት ሜጋባይት የሚሆነው ኢስፒክ ከማሽኑ ጋር ይኖራል። የዘወትር ተጠቃሚዎች ደግሞ በፍጥነት ሲያዳምጡ ከውበቱ ይልቅ የሚመርጡት ቁልፍ እንደተነካ ወዲያው የሚመልስ፣ ሲፈጥን የማይደበዝዝ ድምፅ ነው። በዚህ በኩል ቆርቆሮው አያሳፍርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው፦ ኤንቪዲኤ ነጻ ሆኖ በዊንዶውስ ላይ በደንብ እየሠራ ሳለ ሊነክስ ለምን ያስፈልጋል? ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ባካሄደው መጠይቅ ኤንቪዲኤን ዋና መሣሪያቸው ያደረጉት 37.7 በመቶ፣ በክፍያ የሚገኘውን ጃውስን ያደረጉት 40.5 በመቶ ነበሩ፤ ክፍቱ ከሚከፈልበት ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሟል ማለት ነው። የጃውስ ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ለኢትዮጵያዊው ዋጋው ናረ። ስለዚህ ኤንቪዲኤ ዛሬ ለተማሪው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን እንዳለበት አልጠራጠርም። ችግሩ ወለሉ የራስ አለመሆኑ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል የሌላቸውን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። በልገሳ መጥተው በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ የሚገኙ ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌዎቹ ናቸው። ቀላል የሊነክስ ገጽታ በእነዚህ ላይ ይሠራል። የሁለቱ መንገዶች ግንኙነትም ተቃርኖ አይደለም፤ ኢስፒክና ሊብሉዊ ለኤንቪዲኤም ለኦርካም የሚያገለግሉ የጋራ መሠረት ስለሆኑ በአንዱ ላይ የታረመ የአማርኛ ስሕተት በሌላው ላይም ታርሞ ይገኛል። ስልክ ይበቃል ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ቶክባክ ያለው አንድሮይድ ለመልእክትና ለዜና በእጅጉ ይጠቅማል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥና የቢሮ ሥራ ግን ቁልፍ ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ኢስፒክ በአንድሮይድም ላይ ስለሚሠራ እርማቱ ስልኩንም አይለቀውም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ በጎ ፈቃደኛ የሠራው ነገር በጎ ፈቃዱ ሲያልቅ ይሞታል። ታሪኩ ይህን በከፊል ይደግፋል። ኦርካን ያሳደገው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነበር፤ ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ሰንን ሲገዛ የተደራሽነት ባልደረቦቹን አሰናበተ፣ በዓመቱ የሊነክስ ገጽታ የሆነው ግኖም 3 ከመሠረቱ ተለውጦ ሲወጣ ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች ከተሠራላቸው ብዙውን አጥተው ነበር። ከዚያ ደግሞ የማሳያው ሥርዓት ወደ ዌይላንድ ተሸጋገረ። ዌይላንድ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ቁልፍ እንዳያዳምጥ ይከለክላል፤ ለደኅንነት መልካም ነው፣ የስክሪን ሪደር ሥራ ግን ለሁሉም ፕሮግራም የተጫኑ ቁልፎችን ማዳመጥ ነው። ንድፉ ሲወጣ ዓይነ ስውሩ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የኦርካ ቁልፎች በዚያ ላይ ደኅና እስኪሠሩ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ተጠብቋል። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን የተዘጋው መንገድ አልሞተም ወይ? ዊንዶው አይዝ ለረጅም ዓመታት የጃውስ ዋና ተፎካካሪ ነበር፤ ባለቤቶቹ ሲዋሐዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፣ ኮዱም አብሮ ተዘጋ። ኢስፒክን የጀመረው የጆናታን ዱዲንግተን ሥራ ሲቋረጥ ግን ሪስ ደን ኮዱን ወስዶ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኢስፒክ ኤንጂ ብሎ ቀጠለው፤ አማርኛውም አብሮ ተረፈ። ኦርካም በጆአንሜሪ ዲግስና በቀጣሪዋ በኢጋሊያ እጅ ቀጥሏል። ሁለቱም ዓይነት ሊቆም ይችላል፤ ልዩነቱ ከቆመ በኋላ ማን ሊያነሣው እንደሚችል ነው። ከዚህ ደግሞ የሚከተለው ነገር ለክፍት ምንጭ ወዳጆች ደስ አይልም፦ ኮዱ የሚኖረው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሲኖርበት ነው። የጀርመኑ ሶቨሪን ቴክ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ለግኖም አንድ ሚሊዮን ዩሮ መድቦ ተደራሽነትን ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ይህ ስለገባው ነው።

በእኛ በኩል ገንዘቡ በከፊል ወጥቷል፣ ምርቱ ግን ከተጠቃሚው እጅ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሰብስቤ ኃይለ ማርያም ከባልደረቦቹ ጋር ፌስትቮክስ በተባለው ክፍት መሣሪያ የአማርኛ ድምፅ መገንባቱን በዓለም አቀፍ ጉባኤ አቅርቧል። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ተናጋሪዎች የተሰበሰበ የ20 ሰዓት ገደማ የአማርኛ ንግግር ክምችት አስተዋውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ድምፅ ማመንጨት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሆኖ ደጋግሞ ተሠርቶበታል። ዛሬ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተከለ ዓይነ ስውር ከማሽኑ ጋር የሚያገኘው አማርኛ ግን የኢስፒኩ ነው። በወረቀቱና በማሽኑ መካከል ያለው ክፍተት የዕውቀት አይመስለኝም፤ የምዘና ነው። ለአንድ መምህር ማዕረግ የሚያስገኘው የታተመ ጽሑፍ ሲሆን፣ በኢስፒክ ፋይል ውስጥ የተጨመሩ ሁለት መቶ መስመሮች የሚቆጠሩበት ቦታ የላቸውም። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው፣ በአንቀጽ 9 የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽነት ገና በንድፉ መነሻ በአነስተኛ ወጪ እንዲታሰብ ይጠይቃል። የማራኬሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተጨምሯል፤ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚስማማ ቅርጽ ማባዛት የቅጂ መብት ጥሰት እንዳይሆን መንገድ ይከፍታል። ሕጉ የፈቀደው መጽሐፍ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን የሚያነበው አንድ ድምፅ መኖር አለበት።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ትምህርት ክፍልና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል በአንድ ተቋም ውስጥ ናቸው፤ ቤተልሔምና ዙር አምባም በዚያው ዞን ናቸው። የፊደል መግለጫው ከየኔታ ቃል ተቀድቶ፣ የሳድስ ደንቡ ከሥነ ልሳን መምህሩ ተወስዶ፣ በተማሪ ተጽፎ፣ በዓይነ ስውራን አድማጮች ተፈትኖ ወደ ኢስፒክና ወደ ኤንቪዲኤ ሊላክ ይችላል። የአድማጮቹ ፈተና የማይዘለል ነው፤ ዓይናማው አራሚ ጽሑፉን እያየ ስለሚያዳምጥ ያልተሰማውን ሁሉ የሰማ ይመስለዋል። ክርክር የሚያስነሡ ነገሮችም አሉ። የጎንደር፣ የወሎ፣ የሸዋና የጎጃም አነጋገር ሲለያይ ማጥበቁ በየትኛው ይወሰናል? ኀ ሁልጊዜ ብዙኃኑ ይባል ወይስ ሌላ መለያ ይሰጠው? እነዚህ በጉባኤ የሚፈቱ ናቸው፣ ጉባኤ ደግሞ በጋይንት አዲስ ነገር አይደለም። «ይሰማል»ን የመሰለው ቃል ግን በቃላት ዝርዝር አይፈታም፤ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ስለሆኑ ማሽኑ ዐረፍተ ነገሩን ተንትኖ ባለቤቱን መፈለግ ይኖርበታል፣ ይህም ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። እስከዚያው አድማጩ እንደ ቅኔ ተማሪ የዐረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ይጠብቅና ማን እንደሰማ፣ ምን እንደተሰማ ራሱ ይለያል።